ጫታችንን ማን መረመረው? የአንድ ክር ውሎ

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተው የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ አሁን ካናዳ ይኖራል። ሥራው መጋዘን ውስጥ ዕቃ መደርደር ነው። ከሚደረድራቸው ካርቶኖች አንዳንዶቹ ካናቢስ የያዙ ናቸው፤ እዚያ ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ የተፈቀደ ንግድ ነው። እሱ ራሱ እንደማይጠቀም ጽፏል። ያመነው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግን ለጊዜው ማንም አላነሳበትም።

ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው የቁጥር ነገር ነው። በአንዷ ትንሽ ጣሳ ላይ ቲኤችሲ፣ የካናቢስ አስካሪው ንጥረ ነገር፣ በግራም 8 ሚሊ ግራም ይላል። ከሥሩ ደግሞ ጠቅላላ ቲኤችሲ በግራም 201 ሚሊ ግራም። አንድ ዕቃ እንዴት ሁለት ጉልበት እንደሚኖረው ግራ ገብቶታል። ክሩን ያስረዘመው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ያቺ ጣሳ የምድብ ቁጥር አላት፣ የታሸገችበት ቀን አላት፣ ሱቅ ከመግባቷ በፊትም ለፀረ ተባይ፣ ለሻጋታና ለእርሳስ ተመርምራለች። ከአወዳይ ተጭኖ በጅግጅጋ በኩል ሶማሌላንድ የሚገባው ጫት ግን ስለ ይዘቱ የምትናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለውም። እኛ የምንቅመውን ማን እንዳየልን የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ጠየቀ።

1ኛው ምላሽ ከሐረር ነበር። ጸሐፊዋ መጀመሪያ የእናቱን ጤና ጠየቀች፣ ቀጥላ ብርዱን እንዴት እንደቻለው፣ ከዚያ ጥያቄውን አመስግና መረቀችው። መልስ አልሰጠችም። 2ኛውም ሰላምታ ነው፤ የድሮ ሰፈሩን ልጅ አግኝቶ ደስ ያለው ሰው።

3ኛው ሕግ ይዞ መጣ። ካናቢስ በኛ አገር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 እንደሚያስቀጣ አስታውሶ፣ ክሩ ማስታወቂያ እንዳይሆን በትሕትና ለመነ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ጠያቂው ያቺን ጣሳ ይዞ ድሬ ቢወርድ ይያዛል። ከድሬ አንድ ዙርባ፣ አንድ እስር ጫት ይዞ ካናዳ ቢገባም አይለቀቅም፤ ጫት እዚያ የተከለከለ ነውና።

የቁጥሩን ነገር የፈታው 4ኛው ነው። ሳቢያን የሚኖር የኬሚስትሪ መምህር መሆኑን ገለጸ፤ ትዕግሥቱ ያስቀናል። ተክሉ ራሱ ብዙ ቲኤችሲ የለውም። የሚሠራው ቲኤችሲኤ የሚባለውን አሲድ ነው። አሲዱ እንዳለ ቢበላ አያሰክርም። እሳት ሲነካው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ቲኤችሲ ይሆናል። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር አሁን ጣሳው ውስጥ ያለው ነው፤ ትልቁ ደግሞ አሲዱ በሙሉ ቢቀየር የሚገኘው። ሂሳቡንም እዚያው ሠራው። የአሲዱ የሞለኪውል ክብደት 358.5 ነው፤ ጋዙ ሲወጣለት 314.5 ይቀራል። ትንሹ ለትልቁ ሲካፈል 0.877 ይመጣል። በግራም 220 ሚሊ ግራም አሲድ ካለ፣ በ0.877 ሲባዛ 193 ገደማ ነው። ቀድሞ የነበረው 8 ሲደመርበት 201። ከጣሳው ጋር ገጠመ። እኔም አላምንም ብዬ ስልኬ ላይ ደግሜ ሠራሁት።

ስለ መለኪያ መሣሪያውም ጻፈ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባለው ናሙናው በሙቀት ይተናል። ያኔ አሲዱ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ስለሚቀየር ሁለቱን ለይቶ ማየት አይቻልም። ኤች ፒ ኤል ሲ የሚሉት በፈሳሽ የሚሠራው ግን ሳያሞቅ ይለያቸዋል። ለጉልበት ልኬት ብዙዎቹ ላቦራቶሪዎች እሱን የመረጡት ለዚህ ነው።

5ኛው ምርቃና በሚሊ ግራም ስንት እንደሆነ ጠየቀ። በክሩ ውስጥ ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው፤ ምን ይደረጋል።

6ኛው አልሳቀም። መምህሩን አረመው። እርማቱ ልክ ነው፣ አቀራረቡ ግን ይጎረብጣል። አሲዱን አስቀድሞ በኬሚካል ሸፍኖ ማስገባት ስለሚቻል በጋዙ መሣሪያም መለየት ይቻላል። ሳይሸፍኑ ካስገቡት ደግሞ ለውጡ መቶ በመቶ አይሆንም፤ ከፊሉ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ መንገድ የለካ ሰው ጠቅላላውን አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። እስከዚህ ምንም አይወጣለትም። ከዚያ መምህራን ከመጽሐፍ ውጪ የሚያውቁት የለም ብሎ ዘጋው። መምህሩ በ7ኛው አመስግኖት አለፈ።

ክሩን እስከ መጨረሻው እንድከተል ያደረገኝ 8ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ የሐረር ልጅ ናት፤ ሸዋ በር አካባቢ አድጋ አሁን ካሊፎርኒያ ካናቢስ የሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ትቀበላለች። ሁለቱ ኬሚስቶች ማሽን ላይ ሲከራከሩ ዋናው ነገር በጓሮ በር መውጣቱን ነገረቻቸው። ማሽኑ የሚያየው ፊቱ የደረሰችውን ቁንጣሪ ነው። ቁንጣሪዋ ግን እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 23 ኪሎ ለሚጠጋ ምድብ ወኪል ናት ትባላለች። ከአንድ ተክል ላይ እንኳ የጫፉ አበባ ከታችኛው ይበልጥ ጉልበት አለው። አምራቹ ናሙናውን ራሱ ከመረጠ ጫፍ ጫፉን ይልካል። ይሄ ቀላሉ ነው። ሌላው ናሙናውን ከመጠን በላይ ያደርቀዋል፤ ውሃው ሲወጣ ፐርሰንቱ ከፍ ይላል። የባሰበት ደግሞ ከአበባው የረገፈውን የሙጫ ዱቄት ለቅሞ ናሙናው ላይ ይነሰንሳል። ለዚህ ሲባል በካሊፎርኒያ ናሙና የሚወስደው የላቦራቶሪው ሠራተኛ ነው፣ አወሳሰዱም በቪዲዮ ይቀረጻል።

ይህም ሆኖ ቀዳዳ አለው። ለላቦራቶሪው የሚከፍለው ያው አምራቹ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ዕቃ በውድ ይሸጣል። ስለዚህ አምራቹ ከፍ አድርጎ የሚያነብለትን ላቦራቶሪ ፈልጎ ይሄዳል፤ ሐቀኛው ደንበኛ ያጣል። በአንዳንድ ግዛቶች የላቦራቶሪዎች ውጤት ተሰብስቦ በግራፍ ሲታይ ከ20 ፐርሰንት ከፍ እንዳለ ጉብታ ይወጣል፣ ከ20 ዝቅ ሲል ይጎደጉዳል። ተክሉ 20 የምትባል ቁጥር መኖሯን አያውቅም፤ ገዢው ነው የሚያውቀው። በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የኮሎራዶ ጥናት ከሱቅ ከተገዙት ናሙናዎች አብዛኞቹ ላያቸው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቲኤችሲ ነበራቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው አይ ኤስ ኦ 17025 የሚባለው የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ወረቀቱ ላቦራቶሪው መለካት እንደሚችል ይመሰክራል እንጂ ሰኞ ጠዋት ምን እንዳደረገ አያይም።

9ኛው ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ወደ ድሬ አመጣው። ከውጪ ለጋ፣ ከውስጥ ገራባ፣ ማለትም የማይቃመው ትርፍራፊ፣ የታሰረበት ዙርባ መሆኑ ነው። እኔ በሁለት አንቀጽ ልለው ስታገል የነበረውን።

አባባሉ ግን አንዲት ሴት አስቆጣ። 11ኛዋ አወዳይ ጫት ትነግዳለች፣ እናቷም ነጋዴ ነበሩ። ሐሺሽና ጫት አንድ ክር ውስጥ መታሰራቸው ራሱ ስድብ እንደሆነ ተናገረች። የሷ ምርመራ በእጅና በጥርስ ነው። እንጨቱ ሲሰበር ቀጭ ይላል ወይስ ይለጠጣል? ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ይወዛል ወይስ ይደርቃል? ምሬቱ ከአፍ ሲለቅ ምን ይተካል? የጫቱን ዓይነቶች፣ ቀርቲውን ከኩዳው፣ ኩዳውን ከኡረታው ለመለየት ዲግሪ አልጠየቃትም። ገራባ ሸፍና የሸጠች ነጋዴ ደግሞ በማግስቱ ደንበኛ የላትም። የካሊፎርኒያው ላቦራቶሪ ግን፣ የሐረሯ ልጅ እንደጻፈችው፣ ዋሽቶም በሩን ይከፍታል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ እስከ ክሩ ማብቂያ በደንብ የመለሰላት የለም።

መምህሩ በ12ኛው ሞከረ። ምላስ ጫቱ ትኩስ መሆኑን ማወቁን አልካደም። ዲዲቲን ግን አያውቅም። ቅጠሉ ላይ የሚቀረው በኪሎ ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ምላስም አፍንጫም አይደርስም። ከተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች በተወሰደ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱን የራሳችን ተመራማሪዎች አሳትመዋል። ዲዲቲ ለወባ ተብሎ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የስቶክሆልም ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመከላከል ውጪ እንዲውል አይፈቅድም። ታዲያ ማሳ ላይ ምን ይሠራል? አንድም ከአፈሩ አልወጣም፣ አንድም ዛሬም የሚረጭ አለ። ይህን መለየት ይቻላል። ዲዲቲ በጊዜ ብዛት ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ከዲዲኢው ዲዲቲው ከበዛ የተረጨው በቅርብ ነው። ደግሞ ስብ ወዳጅ ስለሆነ ከቅጠሉ ሰም ጋር ይጣበቃል፤ በውሃ ለቅለቅ አድርጌዋለሁ ብሎ መጽናናት አይሠራም። 13ኛው በለስላሳ ቢታጠብስ ብሎ ጠየቀ። መልስ አልተሰጠውም፣ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ነው አየሩ የተለወጠው። 14ኛው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ የወሎው ሳይሆን የሐረርጌው ኮምቦልቻ። አባቱ ጫት ያመርታሉ። ሰላምታ አልጻፈም። ቅጠሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ከታየች ነጋዴው ዋጋ ይሰብራል፣ ትል የነካው ጨርሶ አይነሳም፣ ስለዚህ ይረጫል። የሚረጨው ምን እንደሆነ አባቱም አያውቁም። ከትልቅ ጀሪካን ወደ ውሃ ፕላስቲክ ተገልብጦ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ከገበያ የሚገዛ ነገር ነው። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚነግራቸው የለም። ዋጋ ሲወጣ ይቀነጠሳል፣ በቃ። ቀጥሎ ወደ ከተሜዎቹ ዞረ። ቀዳዳ ያለውን ቅጠል መርጠው የሚጥሉትና መርዝ አለበት እያሉ የሚያለቅሱት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሽርጥ አገልድሞ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ስለ አባቱ ማሳ መፍረድ ቀላል መሆኑን ነገራቸው።

15ኛው አቦ ብሎ ጀምሮ በስድብ ጨረሰ። 16ኛው የሰደበውን ሰደበ። አንዱ ምላሽ ተሰርዟል፤ ምን እንደነበር አላየሁም፣ ከቀጠለው ንዴት ግን መገመት አያቅትም። እስከዚያ ድረስ እርስዎና አንቱ ሲባባሉ የነበሩት ሁሉ በአንዴ አንተና አንቺ ሆኑ።

17ኛው አዛውንት ናቸው፤ ከሐረር፣ ጀጎል ውስጥ እንደሚኖሩ ጽፈዋል። ለሚጎዳ ነገር የጥራት ደረጃ ማውጣት ማስዋብ ነው የሚል አቋም አላቸው። ማህተም የተደረገበት ጫት ልጆቻቸው ፊት የተመረቀ ምግብ ይመስላል። በጫት መቃሚያ ጀማ ቁጭ ብሎ ቀኑን የጨረሰ ወጣት የሚያስፈልገው ሥራ እንጂ የላቦራቶሪ ውጤት እንዳልሆነም ጨመሩ። ብዙ ሰው አባባ እያለ በአክብሮት መለሰላቸው። 18ኛው ብቻ እሳቸውም ቢሆኑ ጠዋት ጠዋት ኢጃበና የሚሉትን የማለዳ ጫት ሳይዙ ከቤት እንደማይወጡ አውቃለሁ ብሎ አሳፈራቸው። ይሄ አያስፈልግም ነበር።

ለአዛውንቱ የሚገባቸውን መልስ የሰጠቻቸው 19ኛዋ ናት፤ ድሬ የምትሠራ ነርስ። እሷ አትቅምም፣ ለሚቅምም አትከራከርም። ግን በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የሆነውን አስታወሰቻቸው። በኤሌክትሪክ ማጨሻ የካናቢስ ዘይት የሚስቡ ወጣቶች በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡት 2,807 ሲሆኑ ከነሱ ውስጥ 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ተጠርጣሪ ዘይቱን ለማወፈር የተጨመረ የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር። ቆዳ ላይ ቢቀባ ምንም አይልም፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ። አብዛኞቹ ያገኙትም ከጓደኛና ከመንገድ ሻጭ እንጂ ከሱቅ አልነበረም። መመርመር መመረቅ እንዳልሆነ ለአባባ በለሰለሰ ቃል አስረዳቻቸው።

የካናዳው ልጅ እዚህ ላይ ተመልሶ ገባ። የሱ አገር ምርመራም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ካላቸው አምራቾች ዕቃ ላይ ማይክሎቡታኒል የሚባል የሻጋታ መድኃኒት ተገኝቶ ዕቃው ተሰብስቧል። ወይን ላይ የሚረጭ የታወቀ መድኃኒት ነው። ሲቃጠል ግን ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያወጣል። ለምግብ የተቀመጠው ልክ ሆድን አስቦ እንጂ ጭስን አስቦ አልተሠራም። ከዚያ በኋላ ነው፣ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ፣ 96 የፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮችን መፈተሽ ግዴታ የሆነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድር ሰው ይህን ያህል ማወቁ ጥርጣሬዬን አጠናከረው እንጂ አላጠፋውም።

ከዚያ ክሩ ሸሸ። 21ኛው የባቢሌ ለውዝ አነሳ፤ ሻጋታ እኛም አገር አለ ለማለት ነው፣ ግን 22ኛው ቀፊራ ገበያ እውነተኛ የባቢሌ ለውዝ የት እንደሚገኝ ጠየቀና ሦስት ሰው አድራሻ ሰጠው። አንዱ ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር መወለዷን አስታውሶ ጫት በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚሄድበትን ዘመን ናፈቀ። ረጅም ነው፣ ያምራል፣ ከጉዳዩ ጋር ግን አይገናኝም። አንድ የቡና ሰው ደግሞ ቁም ነገር ጣለ። የሐረር ቡና ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ስለሆነ ካልተጠነቀቁለት ሻጋታ ይወዳል። የአውሮፓ ኅብረት ለተቆላ ቡና የፈቀደው ኦክራቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ልክ በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ ወደ 3 ወርዷል። ቡናችን የሚመረመረው እኛ ስለተጠነቀቅን ሳይሆን ገዢው ስለጠየቀ ነው። የጅቡቲና የሐርጌሳ ገዢ ደግሞ እስካሁን አልጠየቀም።

የካሊፎርኒያዋ እህታችን ለውዙን ይዛ ተመለሰች፤ ምላሽ 26 መሆኑ ነው። ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመጣው አስፐርጂለስ የሚባለው የሻጋታ ዘር ካናቢስ ላይም ይበቅላል። በሷ ግዛት ለሚጨስ አበባ አራት ዓይነቱ፣ ፍላቩስ፣ ፉሚጋቱስ፣ ኒጀርና ቴሬውስ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ጨርሶ መገኘት የለባቸውም። የመከላከል አቅሙ የደከመ በሽተኛ ሲያጨሰው ሻጋታው ሳንባ ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ሻጋታ የሚጠቀምበት ልቅ ውሃ ይለካል፤ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ከ0.65 ማለፍ አይፈቀድም። ቀጥላ ወደ ናሙናዋ ተመለሰች። በአንድ ጆንያ ለውዝ ውስጥ መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ብቻ ሊከማች ይችላል። ከላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ የሄደ ሰው ወይ ንጹሕ ነው ይላል ወይ ያጋንናል። ከጆንያው ከብዙ ቦታ ወስዶ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ፈጭቶ፣ ከተፈጨው መለካት ነው ያለው መንገድ። እኔ የዚህች ሴት ደጋፊ ሆኛለሁ፣ አልደብቅም።

27ኛው የጫት አይሱዙ የሚነዳ ሰው ነው። የጻፈው አጭር ነው፤ ሁሉንም ግን ዝም አሰኘ። የፀረ ተባይ ምርመራ ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ውጤቱ ሲመጣ ጫቱ ተቅሞ ገራባው ተጠርጓል። እሱ የሚነዳው በዚያ ፍጥነት የሆነው ስለሚወድ አይደለም።

መምህሩ በ28ኛው ሲመልስ፣ ጫትም እንደ ጣሳዋ ጉልበቱንና ምርመራውን የሚናገር ወረቀት ቢኖረው የሚለውን የካናዳውን ልጅ ሐሳብ ግማሹን ጣለው። ጫቱን የሚያነቃቃ የሚያደርገው ካቲኖን ከተቆረጠ ጀምሮ ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፣ እነሱ ደካሞች ናቸው። በቅጠል ተጠቅልሎ በእርጥቡ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ሳይንሱም በዚሁ ተሞኝቶ ነበር። ብዙ ዘመን የደረቀ ቅጠል ሲመረምሩ ካቲኑን ብቻ አገኙ፤ ካቲኖን በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ከትኩስ ቅጠል ነው። አንድ የታወቀ ልኬት በ100 ግራም ትኩስ ጫት በአማካይ 36 ሚሊ ግራም ካቲኖን አግኝቷል። አወዳይ ላይ ይህን ጽፎ ቢለጥፉ ሐርጌሳ ሲደርስ ቁጥሩ ውሸት ነው። ስለዚህ የጉልበት ቁጥር ለጫት አያስፈልግም ባይ ነው። ቅሪቱ ግን አይቸኩልም፤ ዲዲቲ በሁለት ቀን የትም አይሄድም። ጭነቱን አቁሞ ውጤት መጠበቅ ሳይሆን በየጊዜው ሳይነግሩ ናሙና ወስዶ የትኛው ማሳ እንደሚረጭ ማወቅ ይበቃል። በደቂቃዎች ቀለም የሚቀይሩ የመመርመሪያ ካርዶችም አሉ፣ እነሱ ግን ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉትን እንጂ ዲዲቲን አያዩም።

29ኛው ማን ይከፍላል አለ። ገበሬው በኪሎ ከከፈለ ማህተሙ ራሱ ይሸጣል፤ በየኬላው አንድ ተጨማሪ ሰው እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ንግግሩ መራራ ነው፣ ግን ኬላ የሚያውቅ ሰው አይቃወመውም።

30ኛው የኔ ነው። የካናቢሱ ታሪክ የሚያስተምረን በጉልበት ቁጥር መጀመር ስህተት መሆኑን ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ገዢ የሚከፍልበት ቁጥር ወዲያው ይበላሻልና። በመርዙ እንጀምር፣ ናሙና የሚወስደውም ከሚሸጠውም ከሚመረምረውም የማይቀበል ሰው ይሁን፣ ወጪው ከጫቱ ቀረጥ ላይ ይነሳ። 31ኛው የቢሮ ሰው እንደምመስል ነገረኝ። የኮምቦልቻው ልጅ በ32ኛው አገዘኝ፤ ግን ቅጣቱ መጀመሪያ መድኃኒቱን ያለ ጽሑፍ በፕላስቲክ በሚቸረችረው ላይ ካልወረደ አባቱን ማንም እንዳይነካበት አስጠነቀቀ። ልክ ነው፣ እኔ ያንን አላሰብኩትም ነበር።

ያልጠበቅኩት 33ኛዋን ነው። የአወዳይዋ ነጋዴ ተመለሰች። ንዴቷ በርዷል። መምህሩ ወንድ ከሆነ ማታ ገበያው ሲሞቅ ራሱ ይምጣ፤ ከሷ ብቻ ሳይሆን ከጎኗ ካሉትም ሳይነግር ይግዛ፤ የሷ ከተገኘበት ስሟን ጽፎ ይለጥፍ። ቅናሽ ግን የለም፣ የገበያውን ዋጋ ይከፍላል።

መምህሩ ተስማማ። ከዚያ ችግሩን ዘረዘረ። አሴቶናይትሪልና ማግኒዚየም ሰልፌት አለው፤ ቅጠሉን ፈጭቶ፣ በጥብጦ፣ ፀረ ተባዩን ወደ ፈሳሹ ማውጣት ይችላል። አረንጓዴውን ቀለም የሚመጥ የካርቦን ዱቄት የለውም፣ ያ ካልወጣ ማሽኑን ያቆሽሻል። ዋናውን ማሽንም መለመን አለበት። እስከዚያ ናሙናው በረዶ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ከአወዳይ እስከ ሳቢያን በድሬ ሙቀት የሚያደርስበት የበረዶ ሳጥን የለውም። የዙርባውን ዋጋ ደግሞ ከደሞዙ ማውጣት አይችልም፤ ዋጋው ሲነገረው የጻፈው ነገር መምህር የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የካናዳው ልጅ የዙርባውን ልኮ እንደሚከፍል ጻፈ። ወዲያው ስድስተኛው ተመልሶ ገንዘብ የላከ ሰው ውጤት መርጦ ያያል ብሎ ተከራከረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የካሊፎርኒያዋ ልጅ ደገፈችው። አሁን የደረሱበት፣ ገንዘቡ ለአይሱዙ ሹፌሩ እንዲላክና ከማን እንደሚገዛ እሱ ብቻ እንዲወስን ነው። 38ኛው ከጅቡቲ ዓሣ የሚያመጣበት የበረዶ ሳጥን እንዳለው፣ ሽታው እንደማይለቅ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ሐሙስ ታይዋን ገበያ በር ላይ እንደሚጠብቅ ጽፏል።